በሁለት እጄ የተቀበልኩት ዳቦ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንመለስ ልጄ ሰላም መኪናዋን ፊንስበሪ ፓርክ አጠገብ አቆመችና «አባ፣ ትንሽ እንራመድ፤ ሐኪሙ ያለህን ረሳኸው?» አለችኝ። አልረሳሁትም። ሐኪም ያለኝን እንድረሳ የምትፈቅድ ልጅ አልወለድኩም። ጉልበቴን እያማረርኩ ወረድኩ። ለንደን በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ የምታሳየን ዓይነት የሐምሌ ፀሐይ ወጥቷል፤ ሳሩ ላይ ሰው እንደ ስጥ ተሰጥቷል፤ ከየአቅጣጫው የተጠበሰ ሥጋ ይሸታል። እኛ ነጭ በነጭ ለብሰን በመካከላቸው ስናልፍ ማንም ቀና ብሎ አላየንም። ስለዚህ ከተማ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው።

ከዛፎቹ ባሻገር ከበሮና ዋሽንት ሰማሁ። ጠጋ ስንል ወጣቶች ሁለት ረድፍ ሠርተው ጭፈራ ይለማመዳሉ። ራሳቸው ላይ በጥልፍና በዶቃ ያጌጠ ጠፍጣፋ ባርኔጣ ደፍተዋል፤ ገሚሶቹ ከራስ እስከ አንገት የሚደርስ ነጭ የሱፍ ጭንብል አጥልቀዋል። ጭንብሉ ላይ ጥቁር ጢም ተጠልፎበታል። ቆሜ ሳይ ሰላም ክንዴን ያዘችኝ።

«አባ! እግርህ ምን ሆነ?»

ዝቅ ብዬ አየሁት። ቀኙ ሁለቴ፣ ግራው አንዴ መሬቱን ይመታና ዞር ብሎ እንደገና ይጀምራል። ደረጃ ለመውጣት ልመና የሚፈልገው ጉልበቴ ማንንም ሳያስፈቅድ ሥራ ጀምሯል።

«ይሄንን አውቀዋለሁ» አልኳት።

«ሲሪየስሊ? ከየት?»

«ጨፍሬዋለሁ።»

«አንተ?»

አትፍረዱባት። በሠርጓ ቀን እኔን ከወንበር ለማስነሳት ስንት ሰው እንደታገለ የምታውቅ እሷ ናት። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነገርኳት። ልጆቻችን ታሪክ ሲሰሙ ሰዓታቸውን ስለሚያዩ ግን ያወራኋት አሳጥሬ ነው። ሙሉውን እዚህ ላስፍረው።

ያን ጊዜ ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነበር። ቶተንሃም ውስጥ አንድ የካውንስል ፎቅ ላይ፣ ከእናቴ የአክስት ልጅ ከእትዬ አስካለ ጋር እኖር ነበር። ጠዋት ኮሌጅ እንግሊዝኛ እማራለሁ፤ ከሰዓት በአውቶቡስ ኤድመንተን ሄጄ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልወጣም፤ ከእትዬ አስካለ ሌላ በዚህ አገር የሚያውቀኝ ዘመድ አልነበረኝም። እሳቸው ብቸኛ ነበሩ። ደግነታቸውና ቁጣቸው ከአንድ ድስት የሚጨለፉ ሰው ነበሩ፤ እየተቆጡ ያጎርሱሃል፣ እያጎረሱ ይቆጡሃል። በየወሩ በሃያ አንድ የማርያም ማኅበር አላቸው። የማኅበሩ ጽዋ ተራ የደረሰው ቤት ምን ተሠራ፣ ምን ጎደለ የሚለውን እስከሚቀጥለው ሃያ አንድ ድረስ ያወሩታል።

ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት፣ ከፔሩ የመጡ ባልና ሚስት ከነልጃቸው ይኖሩ ነበር። ኩስኮ በሚባለው አገር፣ ተራራ ላይ ያደጉ ናቸው። ሰውየው ዶን ኤውሴቢዮ ይባላሉ፤ «ዶን» እንደኛ «ጋሼ» ያለ የአክብሮት መጥሪያ ነው። ቤት ቀለም ይቀባሉ፤ ጫማቸው ላይ የማይገኝ የቀለም ዓይነት አልነበረም። ሚስታቸው ዶኛ ኢላሪያ ናቸው። በመስኮታቸው ላይ የእመቤታችን ሥዕል ከአንዲት ትንሽ አምፖል ጋር ተቀምጧል። እኔ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አማትባለሁ። ልማድ ነው። አውቶቡስ ላይ ሆኜም ቤተ ክርስቲያን ሳይ አማትብ ነበር፤ አንዳንዱ በኋላ ሳጣራ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ይገኛል።

በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ጸሎት ሄደዋል። ስከፍት ዶን ኤውሴቢዮ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ዶኛ ኢላሪያ በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነ ትሪ ይዘዋል። ጨርቁን ሲገልጡት አንድ ትልቅ ክብ ዳቦ አለ፤ ወዙ የሚያብለጨልጭ፣ እንስላል እንስላል የሚሸት። አጠገቡ ያቺው የእመቤታችን ሥዕል አለች።

ዶን ኤውሴቢዮ በስፓኒሽ ረዥም ንግግር አደረጉ። እኔ ስፓኒሽ አላውቅም፤ የእሳቸው እንግሊዝኛም ከቀለም ስሞች ብዙ አያልፍም። ግን ለዚህ ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል? ሽማግሌ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ከማርያም ሥዕል ጋር ዳቦ ይዞ በርህ ላይ ሲቆም ጸበል ጻዲቅ አምጥቶልሃል ማለት ነው። እንዳሳደጉኝ አደረግሁ። ሥዕሏን ተሳለምኩ፤ ጎንበስ ብዬ ዳቦውን በሁለት እጄ ተቀበልኩ፤ ስሜም ግንባሬን አስነካሁት። ዶኛ ኢላሪያ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። የዶን ኤውሴቢዮ ዓይን እንባ ሞላ፤ አቅፈውኝ ጀርባዬን ደጋግመው መቱት። ለሰጡት ዳቦ መልሰው እነሱ ማመስገናቸው ትንሽ ገርሞኛል፤ ግን የሰውን አገር ወግ ማን ያውቃል ብዬ ተውኩት። ዳቦው ቅቤና እንቁላል እንዳለው ከሽታው ስለገባኝ፣ ለፋሲካ ይደርሳል ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልኩት። ስለ ዳቦ ያለኝ እውቀት ያን ያህል ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ልጃቸው ኔሊ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። እኩያዬ ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ በሁለቱም ቋንቋ ምላሷ የማይታጠፍ።

«ልምምዱ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አለችኝ። «አባቴ ጠንካራ ሶል ያለው ጫማ ያምጣ ብሏል።»

«የምን ልምምድ?»

«የጭፈራው ነዋ!»

«የምን ጭፈራ?»

ዓይኔን አየችና እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ አስረዳችኝ። በእነሱ ተራራ፣ በዓል የሚደግስ ሰው ወራት ቀደም ብሎ ዳቦ ይዞ በየቤቱ ይዞራል። የሚፈልገውን ይናገራል፤ ዳቦውን የተቀበለ ሰው የተጠየቀውን ተቀበለ ማለት ነው። አንዱ ሻማውን፣ አንዱ ርችቱን፣ አንዱ ሙዚቀኞቹን ይችላል። አልችልም የሚል ዳቦውን አይነካውም፤ ሳይቀያየሙ ይለያያሉ።

«እኔ የተቀበልኩት ምኑን ነው?»

«አንድ ጨፋሪ» አለች። «ራስህን።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ዶኛ ኢላሪያ ባለፈው ዓመት በጽኑ ታመው አልጋ ላይ ውለው ነበር። ዶን ኤውሴቢዮ፣ «ሚስቴ በእግሯ ከቆመችልኝ የካርመንን ማርያም በዓል እንደ አገሬ አድርጌ፣ ምንም ሳላጎድል ለንደን ላይ እደግሳለሁ» ብለው ተሳሉ። ተነሡላቸው። አሁን ስእለቱን መሙላት አለባቸው። ሻማውም፣ ሙዚቃውም፣ ርችቱም ሰው አግኝቷል። ጨፋሪዎቹ ግን ጥንድ ጥንድ ሆነው በሁለት ረድፍ ነው እመቤታችን ፊት የሚቀርቡት፤ አሥራ ሁለት መሆን ሲኖርባቸው አሥራ አንድ ናቸው። ለዶን ኤውሴቢዮ ሰልፉ ከጎደለ ስእለቱ ጎደለ ማለት ነው። ሲጨነቁ ዶኛ ኢላሪያ ናቸው፣ «ያ በመስኮታችን ሲያልፍ የሚያማትበው የላይኛው ልጅ አለ አይደል?» ያሉት።

«ዳቦውን ብመልሰውስ?» አልኳት።

«በልተኸዋል?»

«አልበላሁም፤ ጾም ላይ ነኝ።»

«ስመኸዋል ግን። እናቴ ላገኘችው ሰው ሁሉ እያወራች ነው። እኛ አገር እንኳን ተቀብሎ የሚስም አይታ አታውቅም።»

አንድ ጊዜ ብቻ እሄዳለሁ አልኩ በልቤ። ጭፈራ እንደማልችል በዓይናቸው ሲያዩ ራሳቸው ይለቁኛል።

አዳራሹ ከአንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነበር። ጭፈራው ቆላ ይባላል፤ ስሙ ቆላ ይሁን እንጂ የሚያሳየው የደጋ ደጋ ሰዎችን ነው። እንደኛ ሲራራ ነጋዴ ሸቀጥ ጭነው፣ እየዘፈኑና እየቀለዱ ከብርዱ አምባ ወደ በዓሉ የሚወርዱ ነጋዴዎች ናቸው። በአገራቸው ቪኩኛ የሚባል የዱር እንስሳ አድርቀው ጀርባቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ለንደን ውስጥ ከየት ይመጣል? እያንዳንዳችን የአሻንጉሊት በግ አዘልን።

አሰልጣኙ ዋልተር የሚባል አጭር፣ ደንዳና ሰው ነበር። ገና ሙዚቃው ሲጀምር ትከሻዬ ላይ እጁን ጫነ። «ይሄን ቤት አስቀምጠህ ና» አለኝ በኔሊ በኩል። እኛ ስንጨፍር ከወገብ በላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ ከወገብ በታች። እግራቸው መሬቱን ሲደበድብ ትከሻቸው ላይ ውኃ የሞላ ብርጭቆ ብታስቀምጥ አይፈስም። እኔ እግሬን ሳስብ ትከሻዬ ያመልጠኛል፤ ትከሻዬን ስይዝ እግሬ ይጠፋል። ዋልተር መጮህ ሲሰለቸው ከኋላዬ ቆሞ በሁለት እጁ ጫን ብሎኝ አብሮኝ ይጨፍር ጀመር።

ይልቀቁኝ ብዬ የሄድኩ ሰውዬ ግን በሚቀጥለው ቅዳሜም ሄድኩ። እውነቱን ልናገርና ምግቡም ረድቷል። በሳህን የሚዞረው የተቆላ በቆሎ ቆሎ ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። በቤታቸው የሚጠምቁት የበቆሎ መጠጥ ብቅሉን አብቅለው የሚሠሩት ነው፤ መጀመሪያ የሸተተኝ ቀን ጎጃም የአጎቴ ጓዳ የገባሁ መሰለኝ። ከፋሲካ በኋላ በሥጋ የተሞላ ቃሪያ አቀረቡልኝና ሁሉም ዝም ብሎ አፌን ያይ ጀመር። ቃሪያቸው እሳት ነው፤ እንግዳ ሲያለቅስበት ማየት ይወዳሉ። አንዱን ጨርሼ ሁለተኛ ስጠይቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከዚያ ቀን በኋላ ትከሻዬንም ታገሡኝ።

ለእትዬ አስካለ አልነገርኳቸውም። ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምሄድ አልጠየቁኝም፤ እኔም ሳልጠየቅ የምናገርበት ምክንያት አልታየኝም። በሰኔ ጾም አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ኩሽና ውስጥ ቆመው አገኘኋቸው። ልብስ ሊያጥቡ ሲሰበስቡ ጭንብሌን አግኝተውታል። እጃቸውን ከተው ፊቱን ዘርግተው፣ ጢሙን እያዩ ነው።

«ይሄ ምንድነው? ባንክ ልትዘርፍ ነው?»

ነገርኳቸው። ከዳቦው ጀምሬ ሁሉንም። እየተናገርኩ ፊታቸው ሲጠቁር ይታየኛል።

«ፊትህን ሸፍነህ? በተቀረጸ ምስል ፊት? ለዚህ ነው እናትህ አደራ ብላ የላከችህ?» ጭንብሉን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «ስማኝ ታምራት። እኔ ቤት የሚኖር ልጅ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አይገባም። ከገባ ደግሞ የሚኖርበትን ይፈልግ።»

ለቀናት አላነጋገሩኝም። ምግቤን ግን ከድነው ያስቀምጡልኛል፤ ከዝምታቸው ይልቅ ያ ያሳምመኝ ነበር። አማራጭ አልነበረኝም። ከዚያ ቤት ብወጣ የምሄድበት የለም። በዓሉ ደግሞ ሳምንታት ቀርተውታል፤ ሌላ ሰው ለማስተማር አይበቃም። ዶን ኤውሴቢዮን ደረጃው ላይ ባየኋቸው ቁጥር አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። አንድ ቀን በመስኮቱ ሳልፍ የእኔን የጭፈራ ልብስ ይዘው ጥልፉን ለዶኛ ኢላሪያ ሲያሳዩ አየሁና፣ ወደ ቤት መግባት አቅቶኝ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።

በመጨረሻ እትዬ አስካለ ራሳቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ና፣ አስተርጉም፤ እኔው እነግራቸዋለሁ» አሉኝ። ምድር ቤት ወረድን። እሳቸው በአማርኛ ይቆጣሉ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ፣ ኔሊ ወደ ስፓኒሽ ትወስደዋለች፤ ቁጣው ዶን ኤውሴቢዮ ዘንድ ሲደርስ ትንሽ በረድ ብሏል።

«በላቸው፤ ልጁ የተቀበለው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው። ሳያውቁ የተቀበሉት ቃል አይሆንም።»

ዶን ኤውሴቢዮ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነታቸውን ነው» አሉ። «እኔም ኔሊን ይዤ መሄድ ነበረብኝ። ካላወቀ ነፃ ነው።»

በቃ፣ አለቀ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ዓይኔ ያን የጥልፍ ልብስ ይፈልግ ጀመር። ዶን ኤውሴቢዮ እንግዳ ዝም ብሎ አይሸኝም ብለው ዶኛ ኢላሪያን ጠሩ። እሳቸውም ከጓዳ ግድግዳውን ይዘው፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ በሌላው እጃቸው የቆሎ ሳህን ይዘው መጡ። እትዬ አስካለ አረማመዳቸውን አዩ።

«ምን ሆነው ነው?»

ኔሊ ነገረቻቸው፤ ሕመሙን፣ ስእለቱን። እትዬ አስካለ ቆሎ አንስተው በመዳፋቸው እንደያዙ ቆዩ።

«የየትኛዋ ማርያም በዓል ነው?»

«የካርመን» አልኩ። «የቀርሜሎስ ማለታቸው ነው።»

«የኤልያሱ ቀርሜሎስ?»

«አዎ።»

ወደ ዶኛ ኢላሪያ ዞሩ። «ጠይቅልኝ፤ ሲቀበል በአንድ እጁ ነው በሁለት?»

ዶኛ ኢላሪያ ትርጉሙን ሲሰሙ በቃል አልመለሱም። ሳህኑን አስቀመጡ፤ ወገባቸውን ጎንበስ አደረጉ፤ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ የሌለውን ዳቦ ተቀብለው ሳሙት፤ ግንባራቸውን አስነኩት። የፔሩ ሴት ናቸው፤ ያሳዩት ግን የእኛን ነው፤ ከእኔ አይተው አንዲት ነገር ሳያጎድሉ።

እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞሩ።

«ታምራት፣ እንዲህ አድርገሃል?»

«አዎ።»

«ሥዕሏ ፊት?»

«አዎ።»

«ታዲያ ያላወቅኸው ምኑን ነው?»

መልሴን አልጠበቁም። «የእመቤታችንን ስም ጠርተው የሰጡትን በሁለት እጁ ተቀብሎ የሚመልስ ሰው ከእኔ ጋር አይኖርም» አሉ። «በእኛ ማኅበር ጽዋ የተቀበለች ሴት ምንም ባይኖራት ተበድራ ትደግሳለች እንጂ መልሳ አታውቅም።» ከዚያ ጣታቸውን አንስተው ግዴታዎቹን ቆጠሩልኝ። መጠጥ አልጠጣም። ማተቤን አላወልቅም። እሳቸው ደግሞ ምስል ያለበት አይመጡም። ኔሊ ይሄን ሁሉ ስትተረጉም ዶን ኤውሴቢዮ ተነሥተው የእትዬ አስካለን እጅ ሳሙ። እትዬ አስካለ በጣም ደነገጡ፤ እጃቸውን ግን አልነጠቁም።

እንግዲህ አስቡት፤ በሳምንቱ መጀመሪያ ከጨፈርኩ መባረሬ ነበር፤ በመጨረሻው ካልጨፈርኩ።

በዓሉ የዋለው ጾሙ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ ነው። ጠዋቱን አካፍቶ ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ ያለው መኪና ማቆሚያ በባለቀለም ወረቀት አሸብርቋል፤ ከትልልቅ ድስቶች ጭስና ቅመም ይወጣል። ጭንብሉን ሳጠልቅ ሱፉ አፍንጫዬን በላኝ፤ የራሴ ትንፋሽ ተመልሶ ፊቴን አሞቀው። ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ አልለይም፤ የሚያሳብቁብኝ እጆቼ ብቻ ናቸው። ምስሏ በሰዎች ትከሻ ላይ ሆና ከበሩ ስትወጣ ከበሮው ጀመረ። ስድስት በስድስት ሆነን ተነሣን፤ ጎደሎ አልነበረም። ከፊት ዶን ኤውሴቢዮ ያቺን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ዶኛ ኢላሪያን ደግፈው ይሄዳሉ።

እግሬ አላሳፈረኝም። ጎዳናው ላይ ስንወጣ አውቶቡስ ቆሞ አሳለፈን፤ ከላይኛው ፎቅ ሰው ሁሉ መስኮት ላይ ተለጠፈ። መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ከሕዝቡ ኋላ አንድ ነጠላ አየሁ። እትዬ አስካለ ናቸው። አልመጣም ያሉት ሴትዮ፣ ከአንድ ዛፍ ሥር፣ እንደ አላፊ አግዳሚ ሆነው ቆመዋል። ምስሏ ፊታቸው ስትደርስ አላማተቡም፤ ወደ ምስሏም አላዩም። ያዩት ዶኛ ኢላሪያን ነው። ያቺ አልጋ ላይ የነበረች ሴት በእግሯ ስትሄድ አዩና እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው እልልታውን ለቀቁት።

ሙዚቀኞቹ አቆሙ። ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። እትዬ አስካለ አንዴ ሰው አይቶኛል ብለው ደገሙት፤ ሦስተኛ ሠለሱት። የእኔ ትከሻ እልልታ ሰምቶ ዝም የሚል ትከሻ አይደለም። ስንት ወር ታስሮ የከረመው በአንዴ ተፈታ። ዋልተር ከጎኔ ነበር፤ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ፣ አየኝ፣ ከዚያ በዚያ ደንዳና ሰውነቱ ትከሻውን ለመስበቅ ሞከረ። እንደዚያ ያለ መጥፎ እስክስታ ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አይቼ አላውቅም። ከበሮው ተመልሶ ተነሣ፤ ሕዝቡ አገሳ።

አመሻሹ ላይ መሰነባበቻው መጣ። ቀኑን ሙሉ ሲቀልዱና እንደ ጭፈራው ወግ በጅራፍ እግር ለእግር ሲገራረፉ የዋሉት ጨፋሪዎች ምስሏ ፊት ተንበረከኩ፤ ጭንብላቸውን ገለጡ፤ በዝግታ መዝፈን ጀመሩ። ጎልማሳ ወንዶች ሳያፍሩ ያለቅሳሉ። ኔሊ ጎንበስ ብላ ጆሮዬ ላይ፣ «ከርሞ በሕይወት ካለን እንመጣለን፤ ካልሆነ ደህና ሁኚ እያሉ ነው» አለችኝ።

«ከዓመት ዓመት ያድርሰን» አልኩ ለራሴ፣ በአማርኛ። ከአገሬ ከወጣሁ ይሄን ቃል አፌ ላይ አላመጣሁትም ነበር። የሚመጣው ዓመት የት እንደሚያገኘኝ የማያውቅ ሰው ነበርኩና ምን ብዬ እለምናለሁ? በዚያ መኪና ማቆሚያ ላይ፣ ጉልበቴ እርጥብ አስፋልት ላይ ሆኖ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከርሞን ፈለግሁት። እዚሁ፣ ከእነዚህ ሰዎች ጋር። አለቀስኩ፤ ከእነሱም በላይ ሳላለቅስ አልቀረሁም።

በሚቀጥለው ሁዳዴ ዶን ኤውሴቢዮ ዳቦ ይዘው እንደገና ሲያንኳኩ የከፈቱት እትዬ አስካለ ናቸው። አሁን ሌላ ሰው ነው የሚደግሰው፤ ዶን ኤውሴቢዮ አጃቢ ብቻ ናቸው። እትዬ አስካለ መጀመሪያ ምን እንደሚፈለግባቸው በደንብ አስተረጎሙ። ከዚያ እጃቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው በሁለቱም ተቀበሉ። በዚያ ሐምሌ የዶሮ ወጥ ድስት ለሁለት ተሸክመን ከደረጃው ያወረድንበትን ቀን ወገቤ አይረሳውም። ፔሩዎቹ የዶሮውን እንቁላል ሲሻሙ ያያችሁ እንደሆነ ሌላ ጉድ ነው።

እኔ ሦስት ዓመት ጨፈርኩ። ወረቀቴ ወጣ፤ ሥራ ቀየርኩ፤ አገባሁና ኤድመንተን ገባሁ። ዶን ኤውሴቢዮና ዶኛ ኢላሪያ ሲያረጁ ወደ ተራራቸው ተመለሱ። እትዬ አስካለም ማኅበርተኞቻቸው እንደከበቧቸው አረፉ።

ሰላም ይሄን ሰምታ፣ «ግን አባ፣ ካቶሊክ አይደለህ፣ ፔሩ አይደለህ፤ ለምን ያን ያህል ፈለግኸው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ብትጠይቀኝ መልስ አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። ወደዚህ አገር ስመጣ ሰው ሁሉ ሰጠኝ። አንዱ ካፖርት፣ አንዱ አልጋ፣ አንዱ የአውቶቡስ ፓስ፣ አንዱ ምክር። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ግን ሲሰጡህ ብቻ የምትኖር ከሆነ ቀስ በቀስ እጅህ ለመቀበል ብቻ የተሠራ ይመስልሃል። ካንተ የሚፈለግ ነገር ያለ አይመስልህም። በሬን አንኳኩቶ የሆነ ነገር እንድሰጠው የጠየቀኝ የመጀመሪያ ሰው ዶን ኤውሴቢዮ ነበሩ። ያለ እኔ የማይሞላ ነገር ይዘው መጡ።

ይሄን እየተናገርኩ ሳለ አንድ ሰው ትዝ አለኝና ንግግሬን አቋረጥኩ። ቤታችን፣ ከላይኛው ክፍል፣ ዮናስ የሚባል ልጅ አለ። የሩቅ ዘመድ ልጅ ነው፤ ከመጣ ወራት አልፈውታል። ባለቤቴ ምግብ ታስቀምጥለታለች፣ እኔ ጃኬት ገዝቼለታለሁ፣ ሰላም ፎርሞቹን አፕላይ ታደርግለታለች። ይበላል፣ ያመሰግናል፣ ክፍሉ ይገባል። አንገቱን ደፍቶ የሚኖር ጨዋ ልጅ ነው እያልን ለሰው እናወራ ነበር።

ያን ዕለት ማምሻውን በሩን አንኳኳሁ። ባዶ እጄን ነበርኩ። በእኛ ሰንበት መዝሙር ከበሮ የሚመታው ሰው ወደ በርሚንግሃም ሄዶ ከበሮው ሳይመታ እንደሰነበተ ነገርኩት፤ የሚመታ ሰው ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት።

ዮናስ ከአልጋው ላይ ተነሥቶ ቆመ። «እኔ እመታለሁ» አለ። «እዚያ ሳለሁ የደብራችን ከበሮ መቺ እኔ ነበርኩ።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርከንም?» አልኩት።

«ማንም አልጠየቀኝም፣ ጋሼ» አለኝ።